ሁለት ሽቦ

በሳስካችዋን ሜዳ፣ በመከር ማብቂያ፣
ስንዴው ሳይገባ፣ በግርግሩ መሐል፣
የሰማንያ አራቱ ፎርድ አውቶማቲኩ ሞተ፤
"ከዚህ ወዲያ በቃኝ" ያለን ይመስላል።

ሌይፍ ሄዶ ገዛ ከውዳቂ መኪና ግቢ
ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ፣ ዝገት የበላው፤
ዋጋው የጥጃ ነው፣ ክብደቱ የወይፈን፣
ክሪኩ ራሱ ሲያነሳው ጎኑን አመመው።

ሁለት ሰንበት ሙሉ ከሥሩ ተኛንበት፤
ፍሪሲዮን ገባ፣ ፔዳል ተተከለ፣
ዘንጉ ተቆረጠ፣ ዘንጉ ተበየደ፣
ወለሉን በሳነው፣ ማርሹ ብቅ አለ።

በአሮጌው ካምቢዮ ጎን የነበረው ማብሪያ
አራት ሽቦ ይዞ ነበር የኖረው፤
ሁለቱን ወፍራሞች አንድ ላይ ቋጠርን፣
ሞተር እንዲነሳ የሚፈቅድ እሱ ነው።
ሁለቱ ቀጫጮች፣ የኋላ ማርሽ መብራት፣
"እነሱስ?" አልኩት።
"ይደርሳሉ" አለኝ፤ ስኮች ጠቀለለ፤
ከሻንሲው ጋር አስሮ እንዲሁ አንጠለጠለ።

ትልቁን ሥራ ጉልበት ይጨርሰዋል፤
ትንሹን ሥራ ግን ነገ ይበላዋል።

ጊብስ ደንቆሮ ነው፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ፤
ከኋላ ጎማ ሥር ነው ሁሌም መኝታ ቤቱ።
ሞተሩን አይሰማ፣ ጩኸቴን አይሰማ፤
ግን ያ ነጭ መብራት ጠጠሩ ላይ ሲያርፍ፣
እንደ ሽማግሌ እያጉረመረመ
ተነሥቶ ዞር ይላል፣ አንድም ቀን ሳያዛንፍ።
መብራቱን ለእኔ ነው ብዬ አስብ ነበር።
ለካ ለእሱ ኖሯል።

ኅዳር ላይ፣ በረዶው ገና ሳይጠነክር፣
ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ የኋላ ማርሽ አስገባሁ፤
ከኋላዬ ጨለማው ጨለማ እንደሆነ
ፍሪሲዮን ለቀቅኩ፤
አንድ ድምፅ ሰማሁ።
ስለ ድምፁ አልጽፍም።

ዶክተር ዳሪያ አንዱን ቆርጣ ሦስቱን አስተረፈች፤
ሒሳቡን ስትጽፍ ቀና ብላ አላየች።

ዛሬ፣ ከዜሮ በታች ሃያ፣
ካርቶን አንጥፌ ከመኪናው ሥር ገባሁ።
ሌይፍ "እኔ ልሥራው" አለ። "አይሆንም" አልኩት።
ፔዳሉ ላይ የነበረው የእኔ እግር ነው።

ጎረቤቴ ኦስታፕ በስልክ ይመራኛል፤
ሰማንያ አልፎታል፤ የልጆቹን ስም ያምታታል፣
የሽቦ ቀለም ግን አይስትም።
"ሐምራዊ መስመር ያለበት ነጭ ፈልጊ፤
ሮዝ መስመር ያለበት ጥቁርም አለ፤ ጭቃውን ጥረጊ።"
"የቱ ከየቱ ይጋጠም?"
"እንደ ወደድሽ። ማብሪያ በር ነው፤
ከየትም ብትገቢ ማዶው ያው ነው።"

በካምቢዮው ጎን፣ የጣት አንጓ የምታክል፣
ሁለት ጥርስ ያላት አንዲት ማብሪያ አለች፤
ማርሹ ወደኋላ ሲሄድ ሆዷን ይገፋታል፣
ብረት ከብረት ይነካል፤ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ሽቦውን ስልጥ ሻንሲውን ነካና
ፊውዙ ተቃጠለ።
ኦስታፕ በስልኩ ውስጥ ሳቀ።
"ባትሪውን ንቀዪ ብዬሽ አልነበር?"
"አላልክም።"
"እንግዲህ አሁን ብያለሁ።"

ሁለት ሽቦ። ሁለት መጋጠሚያ። በፒንሳ ጥብቅ።
አርባ ደቂቃ ፈጀ፣ ፊውዙን ጨምሮ።
አርባ ደቂቃ።
አንድ እግር።

ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ፤ ማርሹን ወደኋላ ሳብኩ።
በመስታወቱ ውስጥ ግቢው ብርት አለ፤
የጎተራው ጥግ፣ የተገለበጠ ባልዲ፣
ከሥሩ ስወጣ የተውኩት የጀርባዬ ቅርጽ በበረዶው፣
ሁሉም ታየኝ።
ጊብስ ግን የለም።

ወረድኩ። ዞርኩ። ፈለግኩት።
ከፊት ጎማው ፊት፣ በሦስት እግሩ ተጠቅልሎ
ተኝቶ አገኘሁት፤
በኋላ በኩል ከእንግዲህ እምነት የለውም።
ላነሳው ስጎነበስ አንድ ዓይኑን ገለጠ፣
አየኝ፣ መልሶ ከደነ።
ከባድ ነው፤ ሲሸከሙት ይከብዳል።

ከካርቶኑ ላይ፣ ከመኪናው ሥር፣
ኦስታፕ በስልኩ ውስጥ "በራ ወይ?" ይላል፣
"አንቺ ሴት፣ በራ ወይ?"